ልጅን በሩጫ አንቅጣ



ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነስቶ ነበር። «የአዳሚ ቱሉ ልጅ ምን ቢሠለጥን ሯጭ አይሆንም፤ አገሩ ቆላ ነው፤ ሯጭ የሚበቅለው ደጋ ነው» ተባለ። ይህን ያለው ወዳጄ ነው፤ ቢሆንም ስለማልስማማበት አሳቤን በዚህ ግድግዳ ላይ ለማስፈር ወደድኩ።

እርግጥ በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ከሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ እንላለን። በከፍታ ላይ ማደግ ለረዥም ርቀት ሯጭ እንደሚጠቅም ማንም አይክድም። ግን በአገራችን ስንት ደጋ ከተማ አለ! ታዲያ የበቆጂ ስም ብቻ ለምን እንዲህ ገነነ? ከአየሩ በተጨማሪ መምህር ስላገኘች ነው እላለሁ። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ፣ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ሁለት ወርቅ ያጠለቁት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በለጋ ዕድሜያቸው በሳቸው እጅ አልፈዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ነገሩ የተጀመረው እንደኛው ባለ አንድ መምህር ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ለማስተማር ልምምድ በተመደብኩበት ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) በክፍል የረበሹ ልጆች ሜዳውን 10 ጊዜ እንዲዞሩ ታዘዘ። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነው። ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ሰባተኛው ዙር ላይ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ከግራር ጥላ ሥር አስገብተን፣ ውሃ አጠጥተን፣ ነፍሱ መለስ ሲል ብንጠይቀው ቁርስ አልበላም።

ልጁ ዳነ፤ እኔ ግን ትምህርቴን ያገኘሁት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ «ሩጫ እንጀምር» ስል ቀና ብሎ አየኝና «ባርሲሳ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው የምሮጠው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሩጫን በቅጣት ያስተማርነው ልጅ፣ ሩጫን ሊወድ ከየት ይምጣ?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ሩጫ፣ ፑሻፕና የእንቁራሪት ዝላይ ከቅጣት መዝገብ ይሰረዙ። ሁለተኛ፣ በኛ አገር ሙቀት የልጆች ልምምድ በጠዋት ወይም ፀሐይ ስትበርድ ይሁን፤ ከልምምድ በፊት፣ በመሃልና በኋላ ውሃ ይጠጡ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆቻችንን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አያወጣም። ስለዚህ የተሻለው ውሃ የቱ እንደሆነ መምህሩ ጠይቆ ይወቅ።

ሦስተኛ፣ «መሣሪያ የለንም» የሚለው ሰበብ ይቅር። የዓለም የጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ በሳምንት 3 ቀንም ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። ይህ ብረት ማንሳት ማለት አይደለም። ሰኞ ማክሰኞ በአንድ እግር መዝለል አይደለም እንዴ? ሱዚ፣ አባሮሽ፣ ገመድ ጉተታስ? ሰውነትን አሟሙቆ፣ በነዚህ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት መጨመር ነው። ሴቶች ልጆች ደግሞ ጀሪካን ተሸክመው ውለው ስለሚመጡ «ሰነፍ ናት» ከማለታችን በፊት ድካሟን እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ምግብና እንቅልፍ። ከውጭ የሚመጣ ዱቄት አያስፈልገንም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ ሽሮ፣ ሲገኝም ወተትና እንቁላል ይበቃል። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ ግን አይሩጥ፤ ያን ዕለት ሰዓት ያዥ ይሁን። ያደገ ተማሪ እንኳ በሌሊት ቢያንስ 8 ሰዓት መተኛት አለበት።

አምስተኛው ለኛው ለራሳችን ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዞ የሚቀመጥ፣ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ሲጋራ የሚያጨስ ዕጩ መምህር ነገ ስለ ጤና ቢሰብክ ማን ይሰማዋል? ልጅ ከአፋችን ይልቅ እግራችንን ነው የሚከተል።

ወዳጄ «ታዲያ ከመቶ ልጅ ስንት ሻምፒዮን ይወጣል?» ይለኛል። ምናልባት አንድም አይወጣ ይሆናል። ግን መቶ ጤነኛ ልጅ ማውጣት ትንሽ ሥራ ነው? ሻምፒዮኑም ቢመጣ የሚመጣው ከነዚሁ መካከል ነው።

እንግዲህ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የሰፈሩን ልጆች በሜዳው ለማጫወት አስቤአለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ሠልጣኝ፣ የሚመክረን መምህር ቢገኝ ደስታዬ ነው። ፊሽካ አለኝ፤ በዚህ ጊዜ የምነፋው ለጨዋታ ነው።

ከአንድ የ2ኛ ዓመት ሠልጣኝ