«ባቡ» ባሕር ገባ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ይህ አምድ የጠፋው ታምሜ አይደለም። ዛንዚባር ነበርኩ። ኪሴን የሚያውቁ ባልደረቦቼ «ሎተሪ ደረሰህ እንዴ?» ብለውኛል። የደረሰችኝ ልጄ ናት። አሜሪካ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛ ለእረፍት መጣች። በየዘመዱ ቤት የሚቀርበው ዶሮ ወጥ ሲያደክማት «አባዬ፣ አምስት ቀን ሰርቀን ባሕር እንሂድ» አለችኝ። ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው የሚበረረው፤ በመኪና ደሴ ከመድረስ ይቀላል።

ባሕር መሄድ ማለት ዳር ላይ ወንበር ዘርግቶ መቀመጥ መስሎኝ እሺ አልኩ። እሷ ግን ስኖርክሊንግ ለሚባለው ነገር ለሦስት ሰው ከፍላ ኖሯል። ለማታውቁት፣ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ማስክ አጥልቆ፣ አፍ ውስጥ ቱቦ ነክሶ፣ ውሃ ላይ በደረት ተኝቶ ወደ ታች ማየት ነው። ጭንቅላት ታች፣ የቱቦው ጫፍ ላይ፣ ሰውየው መሐል።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ከቤታችን ደጅ ሲወጣ ጣና ይታያል። ዋና ግን አልችልም። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ታናሽ ወንድሜን ጣና ወሰደው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የቀረነውን ወደ ውሃ እንዳንጠጋ ከለከለችን። «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ» ትላለች። እኔም በተራዬ ልጄን ከለከልኩ። የክፍል ጓደኞቿ ሶደሬ ሲሄዱ እሷ ቤት ትውል ነበር። አሜሪካ ዋና መማሯን የነገረችኝ ከተማረች ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። እንደ ሲጋራ ደብቃኝ።

ማታ የከፈልንበት ደረሰኝ ላይ የመነሻው ሰዓት «2» ተብሎ ተጽፏል። ልጄ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መስሏት ጠዋቱን ልትተኛ አሰበች። እኔ አስጎብኚው ለሆቴሉ ሰው «ሳኣ ምቢሊ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደኛው ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነው፤ ሳኣ ምቢሊ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ከአገሬ ወጥቼ በሰዓት ጉዳይ ልጄን ሳርማት ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቁርስ ላይ ሁለት ጊዜ አነሳሁባት።

የሄድነው ምኔምባ ነው። ከዋናው ደሴት ከኡንጉጃ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። መሬቷ ላይ ያለው የግል ሆቴል ስለሆነ እንደኛ ዓይነቱ ጎብኚ አሸዋዋን አይረግጥም፤ የሚታየው ዙሪያዋን የከበባት የኮራል ሪፍ ነው። የተነሳነው ከማተምዌ ዳርቻ ነው። በዚያ በኩል ባሕሩ ሲሸሽ ሩቅ ይሄዳል፤ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ይቀራሉ፣ ሴቶች በእግራቸው ገብተው የሚያለሙትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ስለዚህ ጉዞው የባሕሩን መምጫና መሄጃ ተከትሎ ነው የሚቀጠረው።

አስጎብኚያችን ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ነገሩ ሁሉ ዝግ ያለ ሰው ነው። እኔን «ባቡ» ይለኛል፤ በስዋሂሊ አያት ማለት ነው። የልጅ ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም፤ እኔ በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ ባቡር ነው።

ጀልባው ላይ ከመውጣታችን በፊት ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አቆየን። ማስኩ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ ለጥፎ በአፍንጫ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ነው፤ ከያዘ ልክ ነው፣ ከወደቀ ሌላ ይፈለጋል። መስታወቱ በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ ውስጡን እንትፍ ብሎ ማጠብ ነው፤ የልጅ ልጄ ይህን ክፍል በጣም ወደደው። ቱቦው ውስጥ ውሃ ከገባ «ፉ!» ብሎ በኃይል ማስወጣት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ችግሩ ጢሜ ሆነ። ጢም ባለበት ማስኩ አይገጥምም፣ ውሃ ያስገባል። ሰውየው ኪሱ ውስጥ ቫዝሊን ነበረው፤ ጢሜን እንደ ሙሽራ ጫማ ቀባው። «እኔ እኮ አልገባም፣ ለምን ትለፋለህ?» አልኩት። «ግድ የለም ባቡ» አለ።

ለልጁ የቀረበለት የመጀመሪያ ላይፍ ጃኬት ትከሻው ተይዞ ወደ ላይ ሲጎተት እስከ ጆሮው ወጣ። አስጎብኚው መልሶ ሌላ አመጣ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ፣ እንዲህ ዓይነት ጉብኝት ስትይዙ ስለ ምሳው ከመጠየቃችሁ በፊት የልጅ ልክ ጃኬት መኖሩንና አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው እንደሚይዝ ጠይቁ። እኛ ከባልና ሚስት ፈረንጆች ጋር አምስት ነበርን። ከጎናችን የቆመው ጀልባ ስንቱን እንደጫነ ለመቁጠር አልቻልኩም።

መንገድ ላይ ዶልፊኖች አየን። ስምንት ጀልባ ከኋላቸው እየጮኸ ያሳድዳቸዋል። የኛ ሰው ሞተሩን ቀንሶ ራቅ ብሎ አለፈ፤ ፈረንጆቹ ቅር አላቸው፣ እኔ ወደድኩት።

ሪፉ ጋ ስንደርስ «እኔ ልብሳችሁን እጠብቃለሁ» ብዬ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ባሕር መሐል ማን ሊሰርቀው እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም። ልጄና ልጇ ገቡ። አስጎብኚው አንድ ክብ ተንሳፋፊ በገመድ ይጎትታል፣ ልጁ ዳሩን ይዟል። አሥር ደቂቃ ያህል ደህና ሄዱ። ከዚያ ትንሽ ማዕበል መጣችና ቱቦውን ሞላችው። ልጁ ቀና ብሎ ሳለ፣ ማስኩን ነጥቆ አወጣ፣ «ማሚ!» ብሎ አለቀሰ።

እኔ ተነስቼ ቆሜያለሁ። «ያዙት! ውጣ! ና ውጣ!» ስል ጀልባው ተናወጠ፤ ነጂው እጄን ባይዘኝ እኔው ነበርኩ የምወድቀው። ልጁ ድምፄን ሰምቶ ወደኔ ዞረ። ፊቴን ሲያይ ባሰበት፤ እስከዚያ ድረስ ሲያስለው ብቻ ነበር፣ አሁን መንፈራገጥ ጀመረ። አስጎብኚው አልነጠቀውም፣ አልጮኸም። ተንሳፋፊውን ደረቱ ሥር አስገባለትና «ፖሌ ፖሌ» አለው፤ ቀስ፣ ቀስ። እናቱ ከጎኑ ሆና ማስኩን አጠበችለት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ፊቱን መልሶ ውሃ ውስጥ ከተተ።

ሰውየው እነሱን ዓይኑ ሥር እንዳደረገ ወደ ጀልባው ቀረበና ጠርዙን ያዘ። «ባቡ» አለኝ፣ በሁለታችንም የተሰባበረ እንግሊዝኛ። «የሚጮህ ልጅ እየተነፈሰ ነው። እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።»

ያስረዳኝ እንዲህ ነው። የሚሰጥም ሰው አይጮህም። አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለአፍታ ነው፣ ያችን አፍታ ለትንፋሽ ይፈልጋታል። እጁን አንስቶም አያወዛውዝም፤ ሰውነቱ በራሱ ጊዜ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ከዳር ለሚያይ ቆሞ የሚጫወት ይመስላል። ይህን ብሎኝ ተመልሶ ዋኘ።

ቁጭ አልኩ።

ያን ቀን አራት ልጆች ነበርን። ደንገሉ አጠገብ ትንንሽ አሳ እያባረርን ነው። ወንድሜ ከእኛ ራቅ ብሎ አንገቱ ድረስ ገብቷል፣ ፊቱ ወደ እኛ ነበር። አይቼዋለሁ። የሚጫወት መስሎኝ አሳዬን ማባረሬን ቀጠልኩ። ቀና ስል አልነበረም። ሰው ተሰብስቦ ሲፈለግ እናቴ ትከሻዬን ይዛ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «እንዴት ሲጮህ አልሰማህም?» መልስ አልነበረኝም። ሃምሳ ዓመት ያህል የኖርኩት ጮኾ እንደነበር፣ እኔ ግን በጨዋታ ተይዤ እንዳልሰማሁት አምኜ ነው።

ይህን ለአስጎብኚው አልነገርኩትም። ሲመለስ «ጃኬቱን ስጠኝ» ነው ያልኩት።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አላሳምራቸውም። መሰላሉን የለቀቅሁት ጣት በጣት ነው። በቱቦው የራሴን ትንፋሽ ስሰማ የሌላ ሰው መሰለኝ፣ የታመመ ሰው። ተንሳፋፊውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ፊቴን ነከርኩ።

ታች ብርሃን ነው። ጥቁር ሰንበር ያለባቸው ቢጫ አሳዎች መነጽሬ ድረስ መጥተው አዩኝ። ከታች ደግሞ አፉ እንደ በቀቀን መንቆር የሆነ አረንጓዴ አሳ ኮራሉን ሲግጥ ቀጭ ቀጭ ሲል በጆሮ ይሰማል። በኋላ እንደተነገረን ይህ አሳ ኮራሉን ፈጭቶ የሚያስወጣው አሸዋ ሆኖ ነው፤ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ነጭ አሸዋ በከፊል የእሱ ኩስ ነው። የልጅ ልጄ ይህን ለአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምግብ ላይ፣ አስረድቷል።

ኮራል ድንጋይ አይደለም። ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚሠሩት ቤት ነው፤ እንደ ቋጥኝ ክብ የሚሆነው ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው በእግሩ ረግጦ የሚሰብረው የአያቱን ዕድሜ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሕሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ብዙው ኮራል ነጥቶ ሞቷል። እኛም ያየነው ሁሉ ሕያው አልነበረም፤ ግራጫ ሆኖ የተከመረ ፍርስራሽ መሐል ነው ሐምራዊው የሚታየው። ጉድጓዶቹ ውስጥ ጥቁር እሾሃቸው የረዘመ፣ ጃርት የሚመስሉ ፍጥረቶች አሉ፤ «አትቁም፣ አትንካ» የሚባለው ለኮራሉም ለራስም ነው።

አንድ ትንሽ እጅ ክንዴን ያዘኝ። የልጅ ልጄ ነው። በቱቦው «ሁሁሁ» እያለ የሆነ ነገር ይጠቁማል፤ ነጭ ሰንበር ያለበት ብርቱካንማ አሳ፣ እንደ ጣት የሚወዛወዝ ነገር ውስጥ ይገባል ይወጣል። ሁለታችንም እሱን ስናይ ቆየን። ተንሳፋፊውን በአንድ እጄ ብቻ መያዜን ያወቅሁት ጀልባው ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

ሁለት ስህተት ሠርቻለሁና እናንተ አትድገሙት። ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይበላውም ብዬ ካናቴራ ሳልለብስ ገባሁ፤ ጀርባዬ አራት ቀን አላስተኛኝም። ሁለተኛው፣ ግፊት እያለብኝ ሐኪሜን ሳልጠይቅ መግባቴ ነው። ልብ ወይም ግፊት ያለበት ሰው ቀድሞ ይጠይቅ።

ከተመለስኩ በኋላ ትንሽ አነበብኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 300,000 ሰው በመስጠም ሞቷል፤ ሩብ ያህሉ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ይህ የባሕር ዳርቻ ያላቸው አገሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኛ ዘንድ የክረምት ወንዝ አለ፣ ኩሬ አለ፣ ለሕንፃ ተቆፍሮ ዝናብ የሞላው ጉድጓድ አለ። ላንጋኖና ቢሾፍቱ በሽርሽር ስንሄድ አሥር ትልልቅ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሁሉም «አንዱ ያያቸዋል» ይላል። በተራ አንድ ሰው፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ሌላ ሥራ ሳይዝ ማየት አለበት። ጆሮውን ሳይሆን ዓይኑን ይዞ።

ልጄን ከሸኘሁ በኋላ ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር ሄድኩ። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቡናዋን ዛሬም ራሷ ነው የምታፈላው። ልጄ በስልኳ የቀረጸችኝን ጎረቤት አሳይቷት ኖሯል።

«ውሃ ገባህ» አለችኝ። ጥያቄ አልነበረም።

«ገባሁ እማዬ።»

ዝም ብላ አቦሉን ቀዳች። ሲኒዬን ስጨርስ «እማዬ፣ ሰው ሲሰጥም አይጮህም» አልኳት።

«ማን አለ?»

«ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ነገረኝ። በኋላም አንብቤዋለሁ። ድምፅ የለውም።»

እሳቱን ስታራግብ ቆየች። «እና አልጠራህም?»

«አልጠራኝም። መጥራት አይችልም ነበር።»

«እኔ እኮ» አለች፣ ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «ቤት ሆኜ እንጀራ እየጋገርኩ ነበር። ቅርብ ነው እኮ። እንዴት ሲጠራኝ አልሰማሁትም እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ጀበናውን አንስታ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።