የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በቆላው አገር

የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ለአገር ልማት መሠረት መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. ቍጥሩ ከፍ ቢል 8.4 ደረሰ። ስለዚህም ዘመናዊ የትምህርት መሣሪያ በየክፍሉ ይግባ የሚለው አሳብ በየጊዜው ይነሣል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ለማን እንደሚታዘዝ አስቀድሞ መወሰን የተገባ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ያለፈው ሥራችን ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ብዙ ገንዘብ አፍስሶ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲታይ አደረገ። በአንድ በኩል፥ ቤተ ሙከራ የሌለው ተማሪ አይቶት የማያውቀውን ሙከራ አየ፤ ይህ ጥቅሙ ነው። በሌላው በኩል ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ሲያልፍ፥ ያልገባውን ተማሪ የሚጠብቅለት አልነበረም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ፤ አስተማሪውም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። ጕድለቱ የመሣሪያው ሳይሆን፥ አስተማሪው ሊያቆመውና ሊመልሰው አለመቻሉ ነበር።

የቤተ ክህነት ሊቃውንት ይህን ከማንም ይልቅ ያስተውሉታል። የባሕረ ሐሳብ መምህር የ2018 ዓ.ም.ን አበቅቴ ሲያስወጣ፥ 5500 በ2018 ላይ ደምሮ 7518 ያደርጋል፤ ይህን በ19 ሲገድፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ቢቀንስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ቢገድፍ አበቅቴው 12፥ በ19 አባዝቶ በ30 ቢገድፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ ሁለቱም ተደምረው 30 መሙላታቸው ስሌቱ አለመሳሳቱን ያሳያል። ደቀ መዝሙሩ አንዱን ደረጃ ሳያጸና መምህሩ ወደ ሌላው አያሳልፈውም። ሒሳብ የሚጸናው እንዲህ ነውና፥ አዲሱም መሣሪያ ይህን ሥርዐት ሊያግዝ እንጂ ሊያፈርስ አይገባውም።

አሁን በሱዳን ጠረፍ ያለችውን ሽንፋን እንመልከት። በሽንፋ ወንዝ አጠገብ ከ74 ሺሕ ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደ ነበር ጆን ካፕልማን የሚባሉት አሜሪካዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ2016 ዓ.ም. አስታውቀዋል። ዘመኑን ለማወቅ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ እሳተ ገሞራ በነፋስ መጥቶ የወደቀ፥ ከጠጕር የቀጠነ የብርጭቆ ቅንጣት ነው። የሰጎን ዕንቍላል ቅርፊት መርምረው አየሩ መድረቁን አወቁ፤ የዓሣውንም አጥንት ቈጥረው በድርቁ ዘመን ሰዎቹ አብዝተው ዓሣ ይበሉ እንደ ነበር ተረዱ። እንግዲህ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም የመቶኛው ስሌትም ከሽንፋ ልጅ እግር በታች ይገኛል። ያን ቅንጣት አጕልቶ በግድግዳ ላይ የሚያሳየው መሣሪያ ነው፤ «ከመቶው ስንቱ ዓሣ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቀው ግን አስተማሪው ነው።

ስለዚህ ለቆላው አገር ተማሪ ቤቶች የሚላከው መሣሪያ ሙቀትና አቧራ የሚችል፥ ከፀሓይ ኃይል የሚወስድ፥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና ትምህርቱን በውስጡ ያከማቸ ይሁን። ከመሣሪያው በፊት አስተማሪው ይሠልጥን፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰውም ከአቅራቢያው ይዘጋጅ፤ ለጥገናው በጀት አስቀድሞ ይያዝ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪ ቤቶች ተዘግተው ነበርና፥ የተዘጋ ክፍል ምንም መሣሪያ እንደማይረዳው ማሰብ ያስፈልጋል።

ሹማምንት የላኩትን መሣሪያ ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ስንት ልጆች ስሌቱን በራሳቸው ሠርተው እንዳሳዩ ይጠይቁ። ካህናትም የአበቅቴውን ስሌት ለተማሪ ቤት ልጆች ቢያሳዩ፥ ሒሳብ ባዕድ አለመሆኑን ያስረዳሉ። መሣሪያ ለሚያውቅ አስተማሪ ሲታዘዝ የአገር ሀብት ነው፤ አለዚያ ግን በክፍሉ ግድግዳ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።