ሻንጣውን ተዉት

ከደብረ ታቦርም ሆነ ከጋይንት የሚነሣ ሰው አውሮፕላን ለመሳፈር ሲፈልግ በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል። ወገኖች ይጸልዩለታል፤ እናት በርበሬውንና ሽሮውን ትቋጥርለታለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ባልና ሚስት ከጸሎቱ በኋላ ሊነጋገሩበት የሚገባ አንድ ጉዳይ ግን አለ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለ እሳት ቢነሣ ምን ታደርጋላችሁ?

«አይምጣ፣ በኢየሱስ ስም!» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም አሜን እላለሁ። ይሁን እንጂ እዚያው ባሕር ዳር ደርሷል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ወደ አሥመራ ለመብረር ሲነሣ የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሲሞክሩ ሁለቱም ሞተሮች ኃይል አጡ፤ አውሮፕላኑ በሆዱ አረፈና በእሳት ተያያዘ። ከ104ቱ ሰዎች 35ቱ ሞቱ። 69ኙ ግን ተረፉ። አውሮፕላን አደጋ ከደረሰበት ሁሉም ያልቃል ብሎ ተስፋ የቆረጠ ሰው የአስተናጋጆችን መመሪያ አይሰማም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

በነሐሴ 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አንድ አውሮፕላን ገና ሳይነሣ ሞተሩ ተቃጥሎ 55 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭሱ ነበር። ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ ሃኔዳ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ሲያርፍ ከሌላ ትንሽ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ነደደ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት ስድስት ሰዎች አምስቱ ሞቱ። በትልቁ የነበሩት 379 ሰዎች ግን፣ ሕፃናት ጭምር፣ ሁሉም ወጡ። የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ፣ ከስምንት በሮች ሦስቱ ብቻ ተከፍተው ነው የወጡት። አስተናጋጆቹ ዕቃችሁን ተዉ ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡም ታዘዘ።

ጳውሎስ በመርከብ ሳለ ከነበሩት 276 ሰዎች አንድም እንደማይጠፋ ከእግዚአብሔር ቃል ተቀብሎ ነበር። ሆኖም መርከበኞቹ ሊያመልጡ ሲሉ ዝም አላለም፤ እነርሱ ከሄዱ መዳን እንደሌለ ለመቶ አለቃው ተናገረ። ስንዴው እንኳ ወደ ባሕር ተጣለ (የሐዋርያት ሥራ 27)። የተስፋውን ቃል የያዘ ሰው ነው እንዲህ የተጠነቀቀው።

እንግዲህ ባለትዳሮች፣ ከመነሣታችሁ በፊት ተስማሙ። ሁለት ልጆች ካሏችሁ ማን የትኛውን ይይዛል? ሁለታችሁም ወደ አንዱ ከሮጣችሁ ሌላው ይቀራል። ወንበራችሁ ላይ እንደተቀመጣችሁ እስከ ቅርቡ መውጫ በር፣ ወደፊትም ወደኋላም፣ ስንት ረድፍ እንዳለ ቁጠሩ፤ በጭስ ውስጥ ዐይን አያይም፣ እጅ ግን ወንበር ይዳስሳል። ጭስ ካለ ዝቅ በሉ። እኅቶች፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ መንሸራተቻውን ሊቀድ ስለሚችል አውልቁት። ሕፃኑን ደረታችሁ ላይ አጥብቃችሁ ያዙ።

አውሮፕላን ሠሪዎች ከበሮቹ ግማሹ ብቻ ተከፍቶ ተሳፋሪው ሁሉ በ90 ሰከንድ መውጣት እንደሚችል ማሳየት አለባቸው። በዚያ ፈተና ላይ ግን ሻንጣ የሚያወርድ ሰው የለም። ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ እኅት ሻንጣዋን የማትለቀው ፓስፖርቷ እዚያ ውስጥ ስላለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርቱንና ገንዘቡን በአንገት በሚንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ አድርጋችሁ ልብሳችሁ ውስጥ ያዙ።