የውሻው ጌታ ማን ነው?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመንዝ ደጋ ስናስተምር ስለ ቀይ ቀበሮ አንድ ቀን ሙሉ ትምህርት ሰጠን። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ሌላ ማደሪያ እንደሌለው፣ ቍጥሩም ከ500 እምብዛም እንደማይበልጥ ለተማሪዎቹ ነገርናቸው፤ በመጨረሻም አሰልፈን «አራዊትን እንጠብቅ» እያሉ እንዲዘምሩ አደረግን። ሁሉም ከተበተኑ በኋላ አንድ የ14 ዓመት እረኛ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እኛ ቀበሮ ገድለን አናውቅም፤ ታዲያ ምን እንድናደርግ ነው?» ሲል ጠየቀን። የምንመልስለት አጣን። ልጆቹን የጠራናቸው እንዲሰሙን ነበር እንጂ አብረውን እንዲሠሩ አልነበረምና።

መልሱን ያገኘነው ዘግይተን ነው። የመሬቱ መታረስ ቀበሮውን ቀስ እያለ ከማደሪያው ያሳድደዋል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዛት የሚፈጀው ግን ከውሻ የሚተላለፍበት በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ በ1984 ዓ.ም. ገብቶ ብዙዎቹን ፈጀ። ከ1995 ዓ.ም. ማለቂያ አንሥቶ ደግሞ ዳግመኛ ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ጨረሰ። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው ብቻውን ቢሆንም ኑሮው ከቤተሰቡ ጋራ ነው፤ በተገናኙ ቍጥር ይላላሳሉ፣ ይተሻሻሉ፤ አንዱን የያዘውም ሕመም ለሌላው ይተርፋል። ስለዚህ ቀበሮውን ለማዳን ከሚደረገው ሥራ ዋነኛው የመንደሩን ውሻ ማስከተብ ነው።

ይህ ለከተማ ሰው ቀላል ይመስለዋል። የደጋ ውሻ ግን አንገቱ ገመድ የማያውቅ፣ ሌሊት በረት የሚጠብቅ፣ ቀን ከበጎች ኋላ የሚውል ነው። የእንስሳት ሐኪሙ መድኃኒቱን ይዞ ሲመጣ አባት «ያውላችሁ፣ ያዙት» ይላል፤ ውሻው ግን ለእንግዳ ቀርቶ ለአባትም አይያዝም። ፍርፋሪ የሚሰጠው፣ በብርድ አብሮት የሚውለው ልጅ በስሙ ሲጠራው ብቻ ጅራቱን እየቈላ ይመጣል። የውሻው ጌታ ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ልጁ የያዘው ውሻውን ብቻ አይደለም፤ ዕውቀትም ይዟል። በጓሳ ሜዳ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሲመላለስ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት እንዳስረዳው፣ በጭላዳ መካከል ሆኖ አይጥ ለመያዝ ከሚሞክረው 100 ጊዜ 67ቱ ያህል ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ይህን ለመቍጠር ብዙ ጊዜ በብርድ ተቀምጠዋል። በዚያው ሜዳ በግ ሲጠብቅ ያደገውን ልጅ ግን ምን እንዳየ ማን ጠየቀው? እኛ ራሳችን መምህሩ እንኳ አልጠየቅነውም።

የሚያሳፍረን ይህ ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ስናድግ ፊደል የለየ ልጅ ያልለየውን ያስቈጥር ነበር። የኔታ በልጅነታችን ሥራ አምነው ሰጥተውናል፤ እኛ ግን በዘመናዊው ትምህርት ቤት መዝሙር ብቻ ሰጠን።

ወላጆች ሆይ፣ ለልጅ የሚሰጠው ሥራ እውነተኛ ሥራ ይሁን። የቤቱ ውሻ የተከተበበትን ቀን በደብተር ይጻፍ፣ ዓመቱ ሲሞላም ያሳስባችሁ። የሞተ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ቀበሮ ወይም ውሻ ሲያይ ከቶ ሳይነካ ቦታውንና ቀኑን ይዞ ለጥበቃ ሠራተኞች ይንገር። ክትባት ሲሆን የሚይዘው የራሱን ጤነኛ ውሻ ብቻ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንምና።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንቃወማለን፤ ሣር ያጨደውን ጎረቤት ወይም እንጨት የቈረጠውን አጎት እየተከታተለ እንዲናገር ልጅን መላክ አይገባም። የጓሳን ሣር ዘግቶ መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የአባወራዎች ሥራ ነበር፤ ጥሉም የእነርሱ ነው፤ ልጅ አይሸከመው።

ያ እረኛ በክትባቱ ቀን የራሱን ውሻ ይዞ አስከተበ፤ ለጓደኞቹም አያያዙን አሳየ። ቀበሮ ያየባቸውን ቦታዎች የጻፈበትን ደብተርም ሰጠን። በወሩ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ የጻፍሁት የት ደረሰ?» አለን። ደብተሩ በእኛው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ በእግራችን ወደ ጥበቃው ጽሕፈት ቤት ወሰድነው። እርሱ ግን መልሱን ይዘን እስክንመለስ ድረስ ሁለተኛውን ደብተር አላስነካንም።