ሰደፉን አትፋቁት

«ቅርስ ማደስ» በሚል ስም የሚፈጸም ጥፋት አለ። የአያቶቻችንን ጠመንጃዎች ለበዓል ሰልፍ፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለመድረክ እናሳምር የሚሉ ወገኖች የእንጨቱን ሰደፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ ቫርኒሽ ለቅልቀው፣ እንደ ሳሎን ወንበር አብለጭልጨው ያቀርቡልናል። ይህ አሠራር ሊወገዝ ይገባል።

ፈረንሳይ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦሯ የተቀበለችውን፣ ሕዝባችን «ውጅግራ» ብሎ የሰየመውን ጠመንጃ እንመልከት። ብረቱ ስለ ፋብሪካው ይመሰክራል፤ እንጨቱ ግን ስለ ታጣቂው። ከመዳፍ ላብ የጠቆረው አንገት፣ ተሰንጥቆ በጠፍር የታሰረው ጎን፣ ድንጋይ የፈነከተው ጫፍ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋለው፣ በ1928 ዓ.ም. ወራሪ ሲመጣ ደግሞ ጫካ የገባው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ የተወልን ጽሑፍ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ይጠርገዋል፤ በእንጨቱ ላይ የተመታውን ማኅተም ጭምር። የተፋቀ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

«ታዲያ ቆሽሾና ነቅዞ ይቅር ወይ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አይቅር! ነቀዝ ይታከም፤ የላላ ስንጥቅ ይጠገን። እንጨት ሲጎደጉድ ቃጫው ይጨፈለቃል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ እርጥብ ጨርቅና የጋለ ካውያ ብዙውን ጉድጓድ ያነሣዋል። በባለቤቱ ቤት ላለ መሣሪያ በስሱ ተቀብቶ የሚወለወል የተልባ ዘይት ይበቃል፤ የተወለወለበት ጨርቅ ግን ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ። በሙዚየም ላለው ዘይቱም አይመከርም፤ እንጨቱ ውስጥ ከደረቀ በኋላ አይወጣም፣ ከዘመን ጋርም ይጠቁራል። ለእርሱ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቢበዛም ስስ ሰም ይበቃዋል።

ለመድረክ ጣውላ ጠርቦ የጠመንጃ አምሳያ መሥራት ይቻላል። እውነተኛውን ለመብራት ብልጭታ መሠዋት ግን የጥበብ ሥራ አይባልም።

እንግዲህ መምህሩ ተማሪውን ጠባሳ ማንበብ ያስተምር። ካድሬው ለበዓል ድምቀት ሲባል የሚሰጥ የ«አሳምሩ» ትእዛዝን ይቃወም። የሙያው ሰውም እጁን ከማሳረፉ በፊት እያንዳንዱን ምልክት ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ይመዝግብ፣ የባለቤቱን ቤተሰብ ይጠይቅ። ያለዚህ የሚደረግ እድሳት ሁሉ፣ ስሙን ብናሳምረውም፣ ፍቆ ማጥፋት ነው።