የባል ዕዳና የሚስት ሱቅ

በዱቤ ጨርቅ ወስዶ ሳይከፍል የቀረ ነጋዴ ባለ ሱቅ ሴት ቢያገባ፣ ዕዳው የእርሱ ብቻ ሆኖ የሚቀር ለብዙዎች ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ፣ ከጋብቻ በፊት የነበረው ሱቅ የሚስት የግል ሀብት ቢሆንም ከጋብቻ በኋላ የሚያስገኘው ትርፍ የጋራ ነው። ገንዘብ ጠያቂውም ከባል የግል ሀብት የሚወስደው ያጣ እንደ ሆነ እጁን ወደዚሁ ትርፍ ይዘረጋል። ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከሆነማ ሱቁም አይተርፍ።

እንግዲህ ጥሎሽ በሽማግሌ ፊት ሲቆጠር የዱቤ መዝገብ አብሮ ቢገለጥ ምን ነውር አለበት?

አበዳሪውም ቢሆን ከ500 ብር ለሚበልጥ ብድር፣ ገንዘቡ ዛሬ ከቁም ነገር ባይገባም፣ የሁለቱን ፊርማ መጠየቅ ይገባዋል። አንደኛው ሳይስማማ የተፈረመውን ውል ሌላው ወገን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ በፍርድ ቤት ሊያስፈርሰው ይችላል።