ደግነት በካርቶን

ስድስት ኪሎ በአንበሳ የሚኮራ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 አንበሳ ግቢ የተመሠረተው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የግቢው ኃላፊ ቦታና ገንዘብ ስለሌለ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ ለውጭ ጋዜጠኞች ሲናገሩ ብዙ ሰው ተቆጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣ የዘረመል ጥናት የግቢው አንበሶች ከሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። "ትርፍ" የተባለው ደቦል ለካስ ብርቅ ነበር።

የአንበሳ ታናሽ ዘመድ ድመት ከግቢው አጥር ውጭ ስትወልድ ግን የሚቆጣላት የለም።

አንዱ ልጆቿን በማዳበሪያ ከቶ ይጥላል። ይህ ጭካኔ ነው፤ ስሙ ይታወቃል። ስም ያልወጣለት የሌላው ጥፋት ነው። ደጉ ሰው ከደረጃ ሥር ከጡጫ ያነሱ አራት የድመት ልጆች ያገኛል። እናታቸው የለችም። "ጥላቸው ሄደች" ይልና በካርቶን ይዟቸው ቤቱ ይገባል፤ የላም ወተት በሰሃን ያቀርብላቸዋል። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑ ባዶ ነው። "ቀድሞም የሚያድጉ አልነበሩም" ይባላል።

እናቲቱ ግን ምግብ ፍለጋ ወጥታ ነበር።

ድመት የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። ከ58 ቀን በፊት የተወለደ ልጅ ጊዜው አልደረሰም፤ ፀጉሩ ስስ ነው፣ ለመጥባት አቅም ያንሰዋል፣ ጤነኛው የሚመዝነውን 100 ግራም ገደማ አይሞላም። ገላውን ራሱ ማሞቅ አይችልም፤ የስድስት ኪሎ ሌሊት ደግሞ ብርድ ነው። የቀዘቀዘ ልጅ ወተት ቢጠጣ ሆዱ አይፈጭለትም። መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ወተት። የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጠዋል፤ ለዚያ ትንሽ ገላ ተቅማጥ ሞት ነው። እንገሩን የምትሰጠው፣ እየላሰች የምታሸናው፣ ሌሊቱን ሙሉ የምታሞቀው እናቱ ናት።

ስለዚህ መርዳት የሚፈልግ እናቲቱን ይርዳ። ከሩቅ ሆኖ መመለሷን ይጠብቅ። ነፋስ በማያገኘው ጥግ ካርቶን፣ አሮጌ ጋቢ፣ እንዳያቃጥል በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ይበቃል። ለእሷ የተቀቀለ ሳምባና ንጹሕ ውሃ ይቅረብላት፤ የምታጠባ ድመት ከወትሮዋ እጥፍና ከዚያም በላይ ትበላለች። የሰፈር ልጅ ሁሉ እየመጣ አይነካካባት፤ የተረበሸች እናት ልጆቿን ታሸሻለች፣ አንዳንዴም ትተዋለች። በእርግጥ ካልተመለሰች ወይም ወተት ካጣች ጉዳዩ የእንስሳት ሐኪም ነው። ለድመት ልጅ የተዘጋጀ ወተት፣ በሆዱ አስተኝቶ፣ በጠብታ፣ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። ይህን የማይችል ለሚችል ያስረክብ።

"ሰው በሚራብበት አገር የድመት ነገር?" የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ብልህ ይመስላል። ነገር ግን ካርቶንና አሮጌ ጋቢ ከማን አፍ ጉርሻ ነጠቀ? ድህነትስ ያስተማረው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የቦጎታ ሐኪሞች ማሞቂያ ማሽን ሲያጥራቸው፣ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አስተኙ። ዛሬ ይኸው ዘዴ "የካንጋሮ እንክብካቤ" ተብሎ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ይሠራበታል። ሁሉ ነገር ሲያጥር መድኃኒቱ እናትን ከልጇ ማቀራረብ ሆነ።

ካርቶኑ ወደ ደረጃው ሥር ይመለስ። ሰሃኑም ለእናቲቱ ይሁን።